ሁለተኛው ጊታር

በዚያ ዘመን ድምፅ የማይወጣበት ቤት ያስፈራ ነበር። ሬዲዮ የሚጮኽበት፣ ልጅ የሚያለቅስበት፣ ባልና ሚስት የሚነታረኩበት ቤት ሰላም ነው፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሰው ገብቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ ምንም የማይሰማበት ቤት ግን ወዲያው ወሬ ይሆናል። ማን አለ? ምን ይመካከራሉ? ይባላል። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሆኖም ከባሕር ዳር ቤቶች ሁሉ ድምፅ የሚውጠው የእኔ ጓሮ ቤት ሆነ።

የደንገል ቤት ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ሰዎች ከጣና ዳር ደንገል እያጨዱ ያመጡለት ነበር፤ እሱ አድርቆ ታንኳ ለሚሠሩት ይሸጣል። ሲሞት እኔ ቀጠልሁበት። ጓሮ ያለችው ጭቃ ቤት ከወለል እስከ ጣራ በደረቀ የደንገል እስር ተሞልታ፣ መካከሏ ላይ ሁለት ሰው የሚቀመጥባት ክፍት ቦታ ብቻ ቀርታ ነበር። እዚያ ገብቶ የተናገረ ሰው ድምፁ ከአፉ ወጥቶ የት እንደገባ አያውቅም። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ይፈሯት ነበር። ነፋስ ከሐይቁ ሲነሳ ደንገሉ ብቻውን ቀጭ ቀጭ ይላል።

እኔ ብዙ አልተማርሁም። ፊደል ያስቆጠሩኝ አባቴ ናቸው፤ በሐይቁ ዳር ባለ ደብር የሚያገለግሉ ካህን ነበሩ። የቀረውን መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ከጎረምሳው ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ጨረስሁት። ስለዚህ ስጽፍ እንደምናገረው ነው። የምናገረው ደግሞ ብዙ ነበር። በቀበሌው ሱቅ ስኳር ሲታደል ሻጩ ሚዛኑን በአውራ ጣቱ ደገፍ ሲያደርግ ካየሁ፣ ወረፋው ይቁም እላለሁ። ስብሰባ ላይ እጄን ሳነሳ ከኋላዬ “ተነሳች ደግሞ! ዛሬ እራት አንበላም” የሚሉ ነበሩ። ይበሉ። የጎደለ ሚዛን አይቶ ዝም ማለት አልችልበትም ነበር።

የቀበሌው ሊቀመንበር የጎረቤቴ ልጅ ነው። እናቱ ስትወልደው የአራስ ገንፎዋን ያገነፋሁት እኔ ነኝ። ሰው ፊት “ጓዲት” ይለኛል፣ ብቻችንን ስንሆን “እትዬ”። እኔም ሰው ፊት “ጓድ ሊቀመንበር” እለዋለሁ፣ ስናደድ “አንተ ልጅ”። ሽጉጥ መታጠቅ ከጀመረ ወዲህ መናደዴን እንድቀንስ ብዙ ሰው መክሮኝ ነበር።

ቤት ማከራየት በአዋጅ ስለተከለከለ፣ አንዱን ክፍሌን የያዘውን ወጣት “ደባሌ” እለው ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና መኪና ይጠግናል። የሌሊት ፈረቃ ስለነበር ቀን ቤት ይውላል። ሲመጣ የያዘው አንድ ሻንጣና አንድ ቦክስ ጊታር ነው። ጊታሩ ሆዱ ላይ ተሰንጥቋል፤ ቀጫጭኖቹ ክሮች ስለተበጠሱም አሣ አጥማጆች መረብ የሚሠሩበትን ናይለን አስሮበታል።

“ይህ ደግሞ ቅኝት ይይዛል?” ብዬ ሳሾፍበት፣

“እትዬ፣ አምባዛ የያዘ ክር ቅኝት ያቅተዋል?” አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድሁት።

እህቱ አዲስ አበባ ልታገባ ሆነ። ወላጆቻቸው ሞተዋል፤ ከእሱ ሌላ ወንድምም የላትም። ሊሄድ የይለፍ ወረቀት ቢጠይቅ ተከለከለ። አንድ ቀን ሙሉ ጊታሩን ሲነካካ ዋለና፣ “እኔ ካልሄድኩ ድምፄ ይሂድ” አለ። የሰርግ ዜማ በጊታር ተጫውቶ በካሴት ሊልክላት ነው። የሚያውቀው የአውቶቡስ ሾፌር ሊያደርስለት ቃል ገብቷል።

መጀመሪያ ከደመወዙ ቆጥቦ በገዛው ቴፕ በክፍሉ ሞከረው። ቀድቶ ሲያሰማኝ ሳቄ መጣ። የጊታሩ ድምፅ ከግድግዳና ከቆርቆሮ እየተመለሰ ይደራረባል፣ በመካከሉ የጎረቤት ዶሮ አለችበት።

“ባዶ በርሜል ውስጥ የገባህ ትመስላለህ” አልሁት።

ተነሥቶ ዞር ዞር ሲል የደንገሉን ቤት በር ከፈተ። መካከሏ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ አጨበጨበ። ጭብጨባው እዚያው እጁ ላይ ሞተ። የልጁ ፊት በራ፤ እኔን ግን አንድ ክፉ ነገር ሽው አለኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ቴፑን ከጊታሩ ቀዳዳ ፊት አያደርገውም፤ እዚያ ሲሆን ድምፁ ጎርናና ይሆናል። የጊታሩ አንገት ከሆዱ በሚገናኝበት በኩል፣ ክንድ ያህል ራቅ አድርጎ፣ የደንገል እስር ላይ ያስቀምጠዋል። መጀመሪያ አጃቢውን ብቻ ይጫወትና ይቀዳል። ከዚያ ያንን እያጫወትን እሱ በላዩ ዋናውን ዜማ ይመታል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ሌላ ቴፕ ይቀዳቸዋል። ሌላኛውን ቴፕ ከአንድ መምህር ነው የተዋሰው። በካሴቱ ላይ ሁለት ጊታሮች አብረው ይሰማሉ፤ የተጫወተው ግን አንድ ሰው ነው። ይህን መጀመሪያ ስሰማ አማተብሁ።

እሱ “ሚክስ” ይለዋል፣ እኔ ሚዛን አልሁት። አጃቢው ዋናውን ከዋጠው የሚጫወተውን ቴፕ ወደ ኋላ አሸሸዋለሁ፤ ከደከመ አቀርበዋለሁ። እሱ እጁ ጊታር ላይ ስለሆነ ቁልፉን የምጫነውም ቴፑን የማንቀሳቅሰውም እኔ ነኝ። ትክክለኛዋን ቦታ ስናገኝ ወለሉ ላይ በከሰል አሰመርሁባት። ዶሮዋም ቆርቆሮውም እንዳይገቡብን በሩ ላይ ውስጥ ለውስጥ ጋቢ ሰቀልን። ውጭ የሚሰማ ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣

“ምነው ጓሮሽ እንዲህ ጭር አለ?” አለችኝ። “ልጁ ሲገባ አያለሁ፣ አንቺም ትከተይዋለሽ፣ ከዚያ እንደ መቃብር!”

“ጊታር እኮ ነው የሚጫወተው። ደንገሉ ነው ድምፁን የሚውጠው።”

“እ... ደንገሉ ነው” አለች። አንገቷን መለሰች፤ ያመነች ግን አልመሰለኝም።

ሳይውል ሳያድር የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ዘወትር ከሚቀመጥበት ከመንገድ ዳሩ ዋርካ ሥር ተነሥቶ ከደጄ ትይዩ ቁጭ አለ። የዋርካው ጥላ ሰፊ ነው፤ እሱ ግን ጥላውን ትቶ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ የጓሮዬን ቤት ያያል። ሰላም ስለው ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ አፉን አይከፍትም። ከሰፈራችን “ለጥያቄ ትፈለጋለህ” ተብሎ የጫማውን ማሰሪያ እንኳ ሳያስር የወጣ አንድ ሰው ነበር፤ ሚስቱ እስከ ዛሬ በሩን ስትመለከት ትውላለች። እሱን ሊወስደው የመጣው ይኸው ጥበቃ ነው።

“ተው፣ ይቅር” አልሁት ልጁን።

“እትዬ፣ አንድ ቀን ብቻ። ሾፌሩ ነገ ይሄዳል።”

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጨረስን። እሱ ጊታሩን እግሩ ላይ አጋድሞ፣ እኔ ቴፑን አጫውቼ፣ ሁለታችንም ዓይናችንን ጨፍነን እንሰማለን። እንዲያ ያማረ ነገር በእኔ ቤት ተሠርቶ አያውቅም። አጃቢው እንደ ታንኳ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፣ ዋናው ዜማ በላዩ ተቀምጦ ይሄዳል። በሩ በእግር ተመታ፤ ጋቢው ወደቀ።

ጥበቃው ከሌላ ጓደኛው ጋር ነው። ሁለት ጊታር ይሰማል፤ የሚታየው አንድ ነው፤ እሱም ዝም ብሎ ተጋድሟል።

“ሁለተኛው የት አለ?” አለ ጥበቃው።

“የምን ሁለተኛ?”

“ሁለት ሰው ነው የተጫወተው! አስመለጣችሁት!”

የጀርባዋ መስኮት ወደ ሐይቁ ናት፤ ድመት እንኳ በጭንቅ የምታልፍባት። ጓደኛው ሮጦ ዞረና ውኃው ላይ ታንኳ ፈለገ። ጥበቃው ሳንጃውን ሰክቶ ደንገሉን መውጋት ጀመረ፤ እስር በእስር፣ ሰው ተሸሽጎበት እንደሆነ። ሳንጃው ሲገባ ደንገሉ ይቃትታል።

“ያልተከፈለበት ደንገል ነው የምትወጋው፤ እሱ ምን አደረገህ?” አልሁት። ሁለቱን ቴፖች፣ ሁለቱን ካሴቶችና ጊታሩን ሰበሰቡ፤ የልጁንም እጅ እኔው ደንገል በማስርበት ገመድ የኋሊት ጠፍረው ወሰዱት።

በማግስቱ ጠዋት ቀበሌ ሄድሁ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛው ላይ ካሴቱን እያዞረ ይሰማል፣ ያቆማል፣ ይመልሳል፣ ደግሞ ይሰማል። ልጁ እጁ አሁን ወደ ፊት ታስሮ ጥግ ላይ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ጣቶቹ አብጠው የሰው ጣት አይመስሉም።

“ጓዲት፣ ይህ አንድ ሰው ነው?” አለኝ ሊቀመንበሩ ወደ ቴፑ እየጠቆመ።

“አንድ ሰው ነው።”

“እኔ ጆሮ የለኝም?”

“አለህ። የሰማኸው ሁለት ጊታር ነው፤ የተጫወተው አንድ ሰው ነው። በሁለት ቴፕ ነው የተሠራው።”

“አራት እጅ አለውና!” አለ ጥበቃው ከበሩ፤ ከጓደኛውም ጋር ሳቁ።

ሊቀመንበሩ አልሳቀም። ጥበቃውን ወደ ውጭ ገፋ አደረገና ወደ እኔ ጎንበስ አለ። “እትዬ፣ እኩለ ቀን ላይ ከቀበሌ በላይ ያለው የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት መኪና ይመጣል። ልጁ ስም ከሰጠኝ ነገሩ እዚሁ ያልቃል። ካልሰጠኝ ይወስዱታል፤ ከዚያ ወዲያ እኔም አላውቅለትም። ይምከሩት። አንድ ስም ይጥራ።”

“የማንን?”

“የማንንም።”

እሱ በክፋት አልነበረም የተናገረው፤ እንዲያውም ያዘነልኝ ይመስል ነበር። ያስፈራኝም ይኸው ነው።

“አንተ ልጅ፣ የሌለ ሰው ስም ከየት ይመጣል? የተጠራው ስም እኮ ባለቤት አለው፤ ቤት አለው፣ በሩን ታንኳኳላችሁ።”

ልጁ ከጥግ ተናገረ። “እትዬ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስም ስፈልግ አደርኩ። የማውቀው ሁሉ ሰው ነው።” ከዚያ በኋላ ግንባሩን ጉልበቱ ላይ ደፋ።

ለራሱ ሲያጉተመትም ስሰማው ጊዜ እንደሌለን ገባኝ። ሌላ አንድ ሰዓት ቢቆይ አንድ ስም ከአፉ ይወድቃል። የሾፌሩ ይሆናል፤ የመምህሩ ይሆናል።

“ይሥራው” አልሁ ጮክ ብዬ፣ ጥበቃዎቹም እንዲሰሙ። “ቴፖቹ እዚህ ናቸው፣ ጊታሩም እዚህ ነው። ፊታችሁ ይሥራውና እዩት። ሳታዩ መፍረድ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?”

“በዚህ ጣት?” አለ ሊቀመንበሩ። እውነቱን ነው። ልጁ እጁን ሊጨብጥ ሞከረ፤ አልተጨበጠለትም።

“እንግዲያው በአንተ ድምፅ እናድርገው።”

“በእኔ?”

“በሰው ድምፅም ይሆናል። ትፈራለህ እንዴ?”

ጩኸቴን ሰምተው የገቡት ጥበቃዎች ፊት እፈራለሁ ማለት አይችልም። የካሴቶቹን ጀርባ ገለበጥሁ፤ ዜማው እንዳይነካ። አንደኛውን ቴፕ አቀረብሁለትና “ተናገር” አልሁት። ቆመ፣ ኮቱን ሳብ ሳብ አደረገ፣ እንደ ስብሰባ ጊዜ እጁን አነሳ። “ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር!” ብሎ ደጋግሞ ጮኸ። ቀዳሁት። ከዚያ ያንን ከፈትሁና ሌላውን ቴፕ ለመቅዳት ተጫንሁ።

“አሁን በላዩ ሌላ ነገር ተናገር።”

ቴፑ የራሱን መፈክር በራሱ ድምፅ ሲጮኽበት ደነገጠ። ቆይቶ ቆይቶ፣ “ዝም በል እንጂ! ኧረ ዝም አሰኙት! በቃ፣ ይበቃል!” አለ። እኔም በቃ ስላለ አቆምሁና የተቀዳውን አሰማሁ።

አንዱ ሊቀመንበር “ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር!” ይላል። ሌላው ሊቀመንበር “ዝም በል እንጂ! በቃ፣ ይበቃል!” ይለዋል።

ጥበቃው ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የሊቀመንበሩ ፊት ግን አመድ መሰለ። እኔም የሆነውን ያወቅሁት ፊቱን ሳይ ነው። መፈክሩን ዝም በል የሚል ሰው ድምፅ በካሴት ተቀድቷል፤ ድምፁም የእሱ ነው። የከፍተኛው መኪና እየመጣ ነው።

“ጓድ ሊቀመንበር” አልሁት ቀስ ብዬ፣ “እነዚያ ሰዎች ይህን ቢሰሙ፣ ሁለተኛው ማነው ብለው ይጠይቁ ይሆን?”

ካሴቱን ከቴፑ ነቅሎ ኪሱ ከተተው። በጀርባው ሁለቱ ጊታሮች እንዳሉ ልጁም እኔም እናውቃለን፤ አንዳችንም አልተናገርንም። “ፍቱት” አለ።

ገመዱን እየፈታሁ ሳለሁ ሊቀመንበሩ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ቆየ። ፊቱን ሲመልስ ድንጋጤው ለቆት ነበር። በሱ ቦታ ሌላ ነገር ገብቷል።

“እንዲያው ልጠይቅ” አለ ልጁን። “የአንዱን ሰው ድምፅ ከሌላ ሰው ጋር ማድረግስ ይቻላል? ተገናኝተው የማያውቁ ሰዎችን... አብረው እንደ ዋሉ?”

ክፍሉ የእኔ ደንገል ቤት ሆነ። ልጁ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ፣ “አይቻልም” አለ።

“እትዬ፣ እርስዎ አይዋሹም። ይቻላል?”

“አይገጥምም” አልሁ። “የሰው ድምፅ ከራሱ ጋር እንጂ ከሌላው ጋር አይገጥምም። እኛም ሞክረን እንቢ ብሎናል።” በስኳር ሚዛን ሰፈር የማምስ ሴት ይህን ስናገር ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ዛሬም ቢጠይቀኝ ይህንኑ እመልስለታለሁ።

“ቴፖቹ እዚህ ይቆያሉ” አለ።

“ለምን ተብሎ?” አልሁ፤ አሁን እንደ ልማዴ ጮኽሁ። “ልጁ አጠፋ ካልህ የልጁን ያዝ። አንዱ የመምህሩ ነው። መምህሩ ምን አጠፋ? የሰው ንብረት ነው፤ ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ!”

“ኧረ ይውሰዱት! ይውሰዱትና ይገላግሉኝ!” አለ። ፍትሕ ብዬ የጮኽሁ መሰለው። ያን ሥራ በአንድ ቴፕ ማንም እንደማይሠራው እኔ አውቃለሁ።

የመምህሩን ቴፕ፣ ጊታሩንና የቀረችውን ካሴት ይዘን ስንወጣ የከፍተኛው ላንድሮቨር አቧራውን አልብሶን አለፈ።

በቀረችው ካሴት ላይ ያለው አጃቢው ብቻ ነበር። ዋናው ዜማ የለም። ልጁ ሌላ ለመቅዳት ጣት የለውም፤ ስለዚህ ሾፌሩ ዳግመኛ ሲሄድ ያንኑ ላከ። ሾፌሩ ሲመለስ እንደነገረን፣ ሰርገኛው አጃቢውን ሲሰማ ዜማውን ስላወቀው ሴቶቹ በላዩ ዘፈኑበት። ልጁ ይህን ሲሰማ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጣቶቹ እንደዳኑ ዝውውር ጠይቆ ከባሕር ዳር ወጣ። የደንገሉን ቤት በር ከፍቼ ተውሁት፤ ነፋስም ዶሮም እንዲገባበት።

ክረምት አለፈና ጥምቀት ሲቃረብ፣ ሊቀመንበሩ ከከፍተኛው መኪና ወርዶ በደጄ ሲያልፍ አየሁት። በብብቱ ሥር አዲስ ቴፕ ይዟል። ሁለተኛ መሆኑ ነው።

“እትዬ፣ እንደምን አደሩ?” አለኝ።

ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። አፌን አልከፈትሁም።

ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው ጠረጴዛው ላይ ቴፕ ይቀመጥ ጀመር። ለታሪክ ነው አለ። የሰፈሩ ሰው እየተነሣ ለቴፑ ይናገራል። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ካሴቷ ስትዞር አያለሁ፤ ድምፄን ግን ለእሷ አልሰጥም። ሰው “ታመመች እንዴ? ምነው እጇን አታነሳም?” ይባባል ጀመር። እሱም አንድ ጊዜ ቴፑን ወደ እኔ አዙሮ፣ “ጓዲት፣ ዛሬስ የሚሉት የለም?” አለ። አንገቴን ነቀነቅሁ፤ የለም።

ስኳር ሲታደል ደግሞ ሻጩ ዝም ማለቴን አየና አውራ ጣቱን ሳይደብቅ ሚዛኑ ላይ አሳረፈ። ሊቀመንበሩ ቴፑን ይዞ አጠገቡ ቆሟል። ወረፋው ሁሉ እኔን ያያል። ከሻጩ እጅ የስኳር መስፈሪያውን፣ ላዳኑን፣ ቀማሁት። ስኳሬን ከሚዛኑ ላይ አንስቼ ወደ ጆንያው መለስሁት። የሻጩን አውራ ጣት ይዤ ከሚዛኑ ላይ አነሳሁና እንደገና በላዳኑ ሰፈርሁ፤ የሚዛኑ ልሳን ቀጥ እስኪል፣ ሁሉም እያዩ፣ ቀስ እያልሁ። ካሴቷ ትዞራለች፤ የቀዳችው የስኳሩን መፍሰስ ብቻ ነው።